ቻምባ፤ ንግሥት ለውሃ የተቀበረችላት የተራራ ከተማ

በሰሜን ሕንድ ራቪ የተባለው ወንዝ ከሒማላያ በረዶ ሥር ተነሥቶ ወደ ፑንጃብ ሜዳ ከመውረዱ በፊት ብዙ መንገድ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይጓዛል። በዚሁ ሸለቆ፥ ከወንዙ በስተ ቀኝ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አንድ ጠፍጣፋ መሬት ይገኛል። የቻምባ ከተማ የቆመችው በዚያ ላይ ነው። ዛሬ በሂማቻል ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር የአንዲት አውራጃ ዋና ከተማ ናት፤ ቀድሞ ግን ራሷን የቻለች የአንዲት ትንሽ መንግሥት መናገሻ ነበረች።

በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት የከተማዪቱ ሴቶች ልጆቻቸውን አስከትለው፥ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፥ ከከተማው በላይ በኮረብታ ላይ ወደ ተሠራች አንዲት ትንሽ መቅደስ ይወጣሉ። በዓሉ ሱሂ ይባላል። በጥንቱ ልማድ የሴቶችና የሕፃናት በዓል እንጂ የወንዶች አይደለም። ሴቶቹ በኅብረት ያዜማሉ፤ ዜማቸውም ደስታና ኀዘን የተቀላቀለበት ነው፤ የሚታሰበው ከ1,000 ዓመት በፊት ለከተማዪቱ ውሃ ስትል በሕይወቷ ሳለች ተቀበረች የምትባል ንግሥት ናትና።

ስለ ነገሥታት ከተማ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ከግንቡና ከዙፋኑ ይጀምራል። እኛ ግን የቻምባን ታሪክ ባገላበጥን ቍጥር ከነገሥታቱ ይልቅ ሴቶቹ፥ ከግንቡም ይልቅ ውሃው ጎልቶ ስለ ታየን፥ በዚያው መንገድ ለመሄድ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ያስታውሱልን።

የቻምባ ነገሥታት መጀመሪያ የኖሩት በዚህ ስፍራ አልነበረም። የጥንቱ መናገሻቸው ከዛሬዪቱ ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ርቃ በምትገኘው፥ ያን ጊዜ ብራሕማፑራ፥ ዛሬ ግን ባርሞር በምትባለው ደጋ ነበር። በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በዚያ የነገሠው ሜሩ ቫርማን ለአማልክቱ ያሠራቸው የነሐስ ምስሎች ዛሬም በባርሞርና በቻትራሪ መቅደሶች ይገኛሉ። በምስሎቹ መቆሚያ ላይ ንጉሡ የራሱንና የአባቶቹን ስም አስቀርጿል። እኛን ያስደነቀን ግን የሠራተኛውም ስም አብሮ መቀረጹ ነው፤ ስሙ ጉጋ ይባላል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በየአገሩ ስንት ብልህ እጅ ምስል ቀርጾ ስሙ ሳይታወቅ እንደ ቀረ ስናስብ፥ ይህ የአንጥረኛ ስም ከንጉሥ ስም ጋራ በአንድ ነሐስ ላይ 1,300 ዓመት መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

በ10ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሳሂል ቫርማን ነገሠ። ይህ ንጉሥ በታችኛው የራቪ ሸለቆ የነበሩትን ትንንሽ ባላባቶች አስገብሮ ግዛቱን ካሰፋ በኋላ፥ በሩቁ ደጋ ተቀምጦ አዲሱን አገር ማስተዳደር የማይመች ሆነበት። የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፥ ሳሂል ቫርማን ብዙ ዘመን ያለ ልጅ ሲኖር 84 መናንያን ወደ ብራሕማፑራ መጥተው በደኅና ስለ ተቀበላቸው መረቁት፤ በምርቃታቸውም ዐሥር ወንዶች ልጆችና ቻምፓቫቲ የተባለች አንዲት ሴት ልጅ ተወለዱለት። ባርሞር ያለው የመቅደሶች አደባባይ እስካሁን ቻውራሲ ይባላል፤ ትርጕሙም ሰማንያ አራት ማለት ነው።

ንጉሡ ወደ ታች ሲዘምት ይህች ልጅ አብራው ነበረች። ከወንዙ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ መሬት ባየች ጊዜ ስለ ወደደችው፥ ከተማ እንዲሠራበት አባቷን ለመነችው። ነገር ግን መሬቱ የብራሕሚኖች፥ ማለት የካህናት ወገን ርስት ነበር። ንጉሡም በጉልበት ከመንጠቅ ይልቅ ከባለ ርስቶቹ ጋራ ተዋዋለ። ውሉም በከተማዪቱ ሠርግ በተደረገ ቍጥር ቻክሊ የተባለ የመዳብ ገንዘብ ስምንት ስምንት እየተቈጠረ ለእነርሱና ለልጅ ልጆቻቸው እንዲከፈል የሚል ነበር። በዚህ ስምምነት በ920 ገደማ ከተማዪቱ ተቈረቈረች፤ በልጅቱም ስም ቻምባ ተባለች። የጠየቀችው ሴት ልጅ፥ የመሬቱም ዋጋ ከሙሽሮች ቤት የሚወጣ ሆኖ፥ የከተማዪቱ ጅማሬ እንዲህ ከቤተሰብ ጉዳይ ጋራ የተያያዘ ነው።

ግንቡ ተሠራ፤ ሕዝቡም ገባ። ውሃ ግን አልነበረም። ራቪ ከከተማው በታች በጥልቅ ገደል ውስጥ ስለሚያልፍ፥ ሴቶች እንስራ ተሸክመው ያን ዳገት ዕለት ዕለት መውጣትና መውረድ ግድ ሆነባቸው። ንጉሡም ከከተማው ጀርባ ካለው ከሳሮታ ጅረት ውሃ የሚያመጣ ቦይ በተራራው ወገብ ላይ እንዲቈፈር አዘዘ። ቦዩ ተቈፈረ፤ ውሃው ግን እምቢ አለ። ምንም ቢደክሙ ከጅረቱ ወደ ቦዩ አልገባ አላቸው። ነገሩ ከመንፈስ የመጣ ነው ተባለና ብራሕሚኖች ተጠየቁ። እነርሱም መንፈሱ መሥዋዕት ይሻልና ከንጉሡ ሚስት ወይም ከልጁ አንዱ መሰጠት አለበት ብለው መለሱ። አንዳንዶች ደግሞ ንጉሡ ራሱ ልጁን እንዲሠዋ በሕልም ታዘዘ ይላሉ። በዚህም ቢሆን በዚያ፥ ፍጻሜው አንድ ነው። ንግሥት ሱናይና ልጄ ከሚሞት እኔ ልሙት ብላ ቈረጠች።

በተወሰነው ቀን ንግሥቲቱ ራሷን ሳትሸፍን፥ ከባሏ አስከሬን ጋራ እንደምትቃጠል ሴት ተሰናድታ፥ ደንገጡሮቿን አስከትላ ኮረብታውን ወጣች። ቦዩ ከጅረቱ በሚለይበት በባሎታ መንደር አጠገብ ጕድጓድ ተቈፈረ፤ ንግሥቲቱም ገባችበት፤ አፈሩም ተመለሰ። መቃብሩ በሞላ ጊዜ ውሃው መፍሰስ ጀመረ፤ ከተማዪቱም ጠጣች ይላል ታሪኩ።

እኛ ይህን የጻፍነው የንጉሡን ሥራ ለማመስገን አይደለም። ሰው ገብሮ ግንብ ወይም ድልድይ የማቆም ተረት በብዙ አገር ሕዝብ ዘንድ የሚገኝ ነው። ውሃ የሚሄደው በመንፈስ ፈቃድ ሳይሆን በመሬቱ ዝቅታ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሲሰማው፥ የቦዩን ልክ ያበላሸው ሹም ጥፋቱን በአንዲት ሴት ነፍስ አስከፈለ ብሎ ቢያጕረመርም አይፈረድበትም። ነገር ግን የቻምባ ሕዝብ በዚህ ነገር የራሱን ፍርድ ሰጥቷል። የሱሂ ኮረብታ መቅደስ የቆመው ቦዩን ላስቈፈረው ንጉሥ ሳይሆን ለሚስቱ ነው። ስለ እርስዋ የሚያዜሙትም ቀድሞ እንስራውን ይሸከሙ የነበሩት የእነዚያ ሴቶች የልጅ ልጆች ናቸው። ከከተማው ወደ መቅደሱ የሚያወጣውን የድንጋይ ደረጃም ያሠራችው ሴት ናት፤ ከ1794 እስከ 1808 የነገሠው የጂት ሲንግ ሚስት ሻርዳ ራኒ።

የቻምፓቫቲም ታሪክ በደስታ አላለቀም። ልጅቱ ጥበብ ወዳድ ስለ ነበረች ወደ አንድ መናኝ ቤት እየተመላለሰች ትማር ነበር። አባቷ ጠረጠራት። አንድ ቀን ሰይፉን መዞ በስውር ተከተላትና ወደ ቤቱ ቢገባ ቤቱ ባዶ ነው፤ ልጅቱም መናኙም የሉም። ያን ጊዜ፥ በጥርጣሬህ ምክንያት ልጅህ ተወስዳብሃለች የሚል ድምፅ ሰማ ይባላል። ንጉሡም ተጸጽቶ በዚያው ስፍራ መቅደስ ሠራላት። መቅደሱ ከከተማዪቱ ትልቅ ሜዳ አጠገብ ዛሬም አለ። አንባቢው እንደሚያስተውለው፥ ይህ ንጉሥ በጦር ሜዳ ያሸነፈውን ሁሉ በቤቱ ተሸንፏል።

ከመቅደሶቹ ሁሉ የሚበልጠው በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለው የላክሽሚ ናራያን መቅደስ ነው። በአንድ ቅጥር ውስጥ ስድስት የድንጋይ መቅደሶች በአንድ ረድፍ ቆመዋል፤ ሦስቱ ለቪሽኑ፥ ሦስቱ ለሺቫ የተሠሩ ናቸው። ቅርጻቸው በሕንድ ሜዳ እንደሚገኙት መቅደሶች ወደ ላይ የሾለ ቢሆንም፥ በጫፋቸው ላይ ጃንጥላ የሚመስል የእንጨት ክዳን ተደፍቶባቸዋል። ይህ ለጌጥ አይደለም። በክረምት የሚወርደው በረዶ ድንጋዩን እንዳይጐዳው የተራራው አናጢዎች ያወጡት ብልኀት ነው። ቆላ የወለደውን ሕንጻ ደጋው እንዲህ አድርጎ የራሱ አደረገው።

አንባቢው እስከዚህ የተነገረው ተረት ብቻ ነው እንዳይለን፥ ስለ ጽሑፉም እንናገር። ከሳሂል ቫርማን ቀጥሎ ከነገሠው ከልጁ ከዩጋካር ቫርማን ጀምሮ የቻምባ ነገሥታት ለመቅደስና ለካህን ርስት በሰጡ ጊዜ፥ የርስቱን ስምና ወሰን በመዳብ ሰሌዳ ላይ እያስቀረጹ ለባለ ርስቱ ይሰጡ ነበር። መዳብ አይበሰብስም፤ ምስጥም አይበላውም። ከዚህም በላይ በሜዳው አገር ጦርነትና ዘረፋ ስንት መዝገብ ሲያጠፋ፥ በዚህ ሸለቆ ውስጥ የነበረው በተራራው ተከልሎ ዳነ። ሆላንዳዊው ሊቅ ዣን ፊሊፕ ፎገል ወደ ቻምባ ሄደው እነዚህን ጽሑፎች መርምረው በ1911 በመጽሐፍ አሳተሙ። ሌላም ያገኙት አለ። በቻምባ ተራሮች ውስጥ ባላባቶች ለሞቱባቸው ዘመዶች ነፍስ መታሰቢያ በምንጮች ራስ ላይ ትልልቅ የተቀረጹ ድንጋዮችን ያቆሙ ነበር። በድንጋዩ ላይ የውሃ አምላክ የሚሉት ቫሩና ይቀረጻል፤ ውሃውም በድንጋዩ ቀዳዳ በኩል ይወርዳል። መንገደኛው ሲጠጣ የሞተው ሰው ምሕረት ያገኛል ብለው ያምኑ ነበር። የሱናይና ታሪክ በእንዲህ ያለ አገር መነገሩ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በዚያ አገር ውሃና ሙት ዘወትር አብረው ይነሣሉና።

የነገሥታቱን ዝርዝር ሁሉ ለመቍጠር ቦታው አይበቃንም። ሦስቱን ብቻ እናንሣ።

በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኑርፑር ንጉሥ ጃጋት ሲንግ ቻምባን ወጋ፤ የቻምባው ንጉሥ ጃናርዳንም ተገደለ። ሕፃኑ አልጋ ወራሽ ፕሪትቪ ሲንግ ገና በጡት ላይ ነበር። ባትሎ የተባለች ሞግዚቱ ሕፃኑን ከቤተ መንግሥት በስውር አውጥታ ወደ ማንዲ ንጉሥ አሸሸችው። ኑርፑሮች ቻምባን ሃያ ዓመት ያህል ገዙ። በ1641 ጃጋት ሲንግ በሞጎሉ ንጉሠ ነገሥት በሻህ ጃሃን ላይ በሸፈተ ጊዜ ግን፥ ያ ሕፃን ሙሉ ሰው ሆኖ፥ ጦር አስከትሎ በበረዶው በር በኩል ተመለሰና የአባቱን አልጋ ያዘ። ያች ሞግዚት ባትጨክን ኖሮ የሳሂል ቫርማን ዘር በዚያ ዘመን በተቈረጠ ነበር።

የልጁ የቻታር ሲንግ ነገር ደግሞ በሌላ በኩል የሚጠቀስ ነው። በ1678 ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ በቻምባ ያሉት መቅደሶች እንዲፈርሱ አዘዘ። ቻታር ሲንግ ትእዛዙን ከመፈጸም ፈንታ በመቅደሶቹ ጫፍ ላይ በወርቅ የተለበጠ ጕልላት አስቀመጠባቸው ይባላል። እንዲህ ያለ መልስ ለመስጠት ድፍረት ያስፈልጋል፤ ከድፍረቱም ጋራ በመካከል ብዙ ተራራ መኖሩ ሳይጠቅም አልቀረም።

ሦስተኛው ከ1748 እስከ 1764 የነገሠው ኡሜድ ሲንግ ነው። አክሃንድ ቻንዲ የሚባለውን ቤተ መንግሥትና ራንግ ማሃል የተባለውን ግንብ ያስጀመረ እርሱ ነው። እኛ ግን ከግንቦቹ ሁሉ አንድ ቃሉን አስበልጠን እንወድለታለን። በዚያ ዘመን ንጉሥ በሞተ ጊዜ ሚስቶቹ ከአስከሬኑ ጋራ በእሳት መቃጠላቸው የታወቀ ልማድ ሳለ፥ ኡሜድ ሲንግ ሊሞት ሲል ከሚስቶቹ አንዲቱም ከእርሱ ጋራ እንዳትቃጠል አዝዞ ሞተ ይባላል። ሱናይና ለሞት በተሰናዳችበት አልባሳት ሌሎች ሴቶች እንዳይሰናዱ የተናገረ ንጉሥ ከዚያው ዘር መውጣቱን አንባቢው ልብ ይበልልን።

በእነዚህ ነገሥታት ቤት ሥዕል ይወደድ ነበር። የራንግ ማሃል ግድግዳዎች በክሪሽና ታሪክ ሥዕሎች ያጌጡ ነበሩ፤ ብዙዎቹም በኋላ ተነሥተው ወደ ኒው ዴልሂ ብሔራዊ ሙዚየም ተወስደዋል። ለቤተሰብ ገጽ አንባቢዎች ይበልጥ የሚስማማው ግን የቻምባ ሩማል ነው። ሩማል መሐረብ ማለት ሲሆን፥ በሠርግ ጊዜ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል የሚላላኩት ስጦታዎች የሚሸፈኑበት የጥልፍ ጨርቅ ነው። መጀመሪያ ሠዓሊው በስሱ የጥጥ ጨርቅ ላይ ሥዕሉን በብሩሽ ይነድፋል፤ ቀጥሎም ሴቲቱ ባልተፈተለ የሐር ክር ትጠልፈዋለች። ክሩ በጨርቁ በሁለቱም ወገን እኩል እየተመላለሰ ስለሚሄድ ቋጠሮ አይታይበትም፤ ፊቱም ከጀርባው አይለይም። ስለዚህም ዶሩኻ፥ ማለት ሁለት ፊት ያለው ይሉታል። ጥልፍ የምታውቅ እናት ይህ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ስለማታጣው ብዙ አናብራራም። የነገሥታቱ ዘመን ካለፈ በኋላ ሙያው ሊጠፋ ደርሶ ነበር፤ በኋላ ግን የተቈረቈሩ ሰዎች አሮጌዎቹን ጥልፎች ከየሙዚየሙ እያስጠኑ ለወጣቶች አስተማሩት።

በ1846 እንግሊዞች ሲክኾችን አሸንፈው ተራራማውን አገር በያዙ ጊዜ፥ ቻምባ ከካሽሚር ጋራ ለጃሙው ገዥ ለጉላብ ሲንግ ልትሰጥ ነበር። የቻምባው ሚኒስትር ዋዚር ባግሃ ተከራክሮ ስላዳናት፥ በዓመት 12,000 ሩፒ ለእንግሊዞች እየገበረች በራሷ ንጉሥ ኖረች። ጥቂት ቈይቶም እንግሊዞች ለሕመምተኞቻቸው ማረፊያ የሚሆን ነፋሻ ኮረብታ ፈልገው ከቻምባ መሬት ተቀበሉ፤ ግብሩም ተቀነሰላት። ዛሬ ዳልሁዚ የምትባለው ከተማ የተሠራችው በዚያ ኮረብታ ላይ ነው።

ከ1904 እስከ 1919 የነገሡት ራጃ ቡሪ ሲንግ ለአገራቸው ብዙ ሠሩ። በ1908 በስማቸው የሚጠራውን ሙዚየም ከፍተው የቤታቸውን ሥዕሎች ሰጡ፤ የመዳብ ሰሌዳዎቹና የምንጮቹ ድንጋዮችም ወደዚያ ገቡ። በ1910 ገደማ ደግሞ በውሃ ኀይል የሚሠራ የኤሌክትሪክ መብራት ወደ ከተማዪቱ አስገቡ። ያን ጊዜ መብራት ያላየ ትልቅ ከተማ በሕንድ ብዙ ነበር። ውሃ ሰው እየተቀበረለት መጣ በተባለበት ተራራ፥ ከ1,000 ዓመት በኋላ ያው ውሃ ማንንም ሳይጠይቅ መብራት አበራ።

ሕንድ በ1947 ነጻ ከወጣች በኋላ፥ ሚያዝያ 15 ቀን 1948 ቻምባ ከ30 ያህል ትንንሽ የተራራ መንግሥታት ጋራ ተዋሕዳ ሂማቻል ፕራዴሽ ተመሠረተ። የመጨረሻው ንጉሥ ራጃ ላክሽማን ሲንግ ሥልጣናቸውን አስረከቡ። አክሃንድ ቻንዲም በ1958 ለመንግሥት ተሸጠና ኮሌጅና ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ነገሥታት ግብር ሲያበሉበት በነበረው አዳራሽ ተማሪዎች ለፈተና ተቀመጡ።

በሐምሌ መጨረሻ ገደማ የቻምባ ሰዎች ምንጃር የሚባለውን ትልቅ በዓል ያከብራሉ። ስሙ ከአገራችን ምንጃር ጋራ ቢገጥምም ዝምድና የለውም፤ በእነርሱ ቋንቋ የበቆሎና የሩዝ ዛላ ማለት ነው። አዝመራው ሲያብብ ሰው ሁሉ ከሐርና ከወርቅ ክር የተሠራ ዘርፍ በልብሱ ላይ ያንጠለጥላል። ለመቅደሱ የሚቀርበውን ዘርፍ ግን ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው አንድ የእስላም ቤተሰብ ነው፤ የሂንዱዎቹ በዓል የሚከፈተው በእነርሱ እጅ ሥራ ነው። ቀድሞ በበዓሉ ፍጻሜ አንድ ጎሽ ወደ ራቪ ይነዳ ነበር። ጎሹ በውሃው ተወስዶ ቢሰጥም ወይም ወደ ማዶ ቢሻገር ለከተማዪቱ መልካም ምልክት ነው፤ ወደ ተነሣበት ዳር ከተመለሰ ግን ዓመቱ የመከራ ነው ይሉ ነበር። ይህ ልማድ ከቀረ ቈይቷል። ዛሬ ሰልፉ ከአሮጌው ቤተ መንግሥት ተነሥቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ቀድሞ ራጃው ይቆምበት በነበረው ስፍራ አንድ የመንግሥት ባለ ሥልጣን ይቆማል፤ የኮኮናት ፍሬ፥ አንዲት ሩፒ፥ የወቅቱ ፍራፍሬና ምንጃሩ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልለው ይሰጡታል፤ እርሱም ወደ ራቪ ይወረውራቸዋል። ከኋላው የተሰበሰበው ሕዝብም ተራውን እየጠበቀ ከልብሱ ላይ የፈታውን ዘርፍ ወደ ውሃው ይጥላል።